በጾም የተነሣነው ፎቶግራፍ

በንጉሡ ዘመን ነው፤ መምህር አግብቼ ከቢቸና ሞጣ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። እናቴ በላከችው ደብዳቤ ሁሉ «ፎቶሽን ላኪልኝ፤ ከስተሽ እንደሆን፣ ወፍረሽ እንደሆን በዓይኔ ልየው» ትለኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ እኔና ባለቤቴ አንድ ፎቶ አንሺ ገበያው ዳር መጋረጃ ወጥሮ አገኘነው። ሐይቅና ዳክዬ የተሣለበት መጋረጃ ነው። አግዳሚ ላይ አስቀመጠንና «እትዬ፣ ጠጋ ይበሉ» አለኝ። እንደ መንቀሳቀስ አልሁ።

«ጠጋ እንጂ! መሐላችሁ እኮ በሬ ያሳልፋል!»

እኔ ደግሞ ጾም ነው ብዬ መኝታ ከለየሁ ሰንብቻለሁ፤ በአደባባይ ከባል ጎን መለጠፉ ጾም መግደፍ መስሎ ታየኝ። ነጠላዬን እስከ አፌ ስቤ እዚያው ዳር ቀረሁ። ሰውዬው ሰልችቶት አነሣን። እኔ ሞኟ ለእናቴ ስልከው በጾም የተነሣነው ነው ብዬ እንኳ አልጻፍሁም።

ከፋሲካ በኋላ የንስሐ አባቴና አጎቴ በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዘው ከቤታችን ደረሱ። ደስ ብሎኝ እግራቸውን ላጥብ ውሃ ሳቀርብ፣ አባ «ቆይ ልጄ፤ መጀመሪያ እርቁ» አሉ።

«የምን እርቅ፣ አባ?»

አጎቴ ፎቶውን ከኪሳቸው መዘዙ። «ይኸው! ያልተኳረፈ ሰው እንዲህ ይቀመጣል? እናትሽ እህል አልበላ ብሏታል። ካልታረቁ ልጄን ይዛችሁልኝ ኑ ብላ ትርፍ በቅሎ አስይዛናለች።»

ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ዓይኔን መሬት ተክዬ ለአባ ነገሩን አጫወትኋቸው።

«እንዴ! ጾሙ ያንቺ ነው፤ ፎቶው ምን በወጣው ይጾማል?»

አጎቴ ግን ባዶ እጄን አልመለስም አሉ። «በቃል ብነግራት አባብለውህ ነው ትለኛለች።»

ስለዚህ የገበያውን ቀን ጠብቀን አራታችንም ፎቶ አንሺው ዘንድ ሄድን። አሁን አዛዡ አባ ሆኑ። ከካሜራው ጎን መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና «ጠጋ! ጠጋ በይ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ!» አሉኝ። ተጠጋሁ። ባለቤቴ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ሲሰማኝ፣ በሰው ፊት ነክቶኝ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ትርፏ በቅሎ ባዶዋን ወደ ቢቸና ተመለሰች። በወሩ በዲያቆን ያስጻፈችው የእናቴ መልስ መጣ፦

«ተመስገን፣ አምሮብሻል። ለጎረቤት ግን አላሳየውም፤ ዓይን አውጣ ይሉሻል። ሣጥን ውስጥ አኑሬ ብቻዬን ስሆን አየዋለሁ።»