ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያሉት ሴትዮ

አባቴ ቀለም ቀቢ ነበር። ሠዓሊ ማለቴ አይደለም፤ ግድግዳ፣ የብረት በርና የመስኮት ፍሬም የሚቀባ ሰው ነበር። ማታ ሲገባ ቅንድቡ ላይ ጀሶ፣ ጆሮው ላይ ደግሞ የዕለቱ ቀለም ተለጥፎ ስለሚመጣ የት እንደዋለ ሳይነግረን እናውቃለን። ጆሮው አረንጓዴ ከሆነ ትምህርት ቤት ነው፤ ነጭ ከሆነ ክሊኒክ ነው። እናቴ በበኩሏ፣ «የሰው ቤት ሲያስውብ ይውላል፤ የራሱ በር እንደ እባብ ቆዳ ተልጦ ያድራል» እያለች ትተርበዋለች። እሱ ጫማውን እያወለቀ ይስቃል።

የምንኖረው በኪራይ ነበር። አከራያችንን ትንሹም ትልቁም «እትዬ» ይላቸዋል። እትዬ ከወገባቸው የቁልፍ ዘለላ የማይለያቸው፣ ሲመጡም ድምፁ ከእሳቸው ቀድሞ የሚደርስ ሴት ነበሩ። ሕጋቸው አጭር ነው፤ ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም፣ ምልክትም አይደረግም። በዓመት አንድ ጊዜ ቤቱን ዞረው አይተው ደስ ካላቸው ውላችንን ያድሳሉ። ደስ ካላላቸው ምን እንደሚከተል ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ያውቁታል። ስለዚህ አባቴ ጉብኝታቸው ሲቃረብ ከሥራ በተራረፈ ቀለም ሳሎኑን ይቀባ ነበር።

የእኛ ደስታም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ነገ የሚሸፈን ግድግዳ ዛሬ የልጆች ነው፤ አባቴ በዚህ ያምን ነበር። ከቅቡ በፊት ባለው ቀን ዕቃው ወደ መሐል ይሰበሰብና አሮጌ ጋዜጣ ይነጠፋል። ከሰል፣ ጠመኔ፣ በቆርቆሮ ክዳን የተቀነሰ ቀለም ይታደለናል። አባቴ ድንች ለሁለት ገምሶ፣ በቢላ ጫፍ ኮከብ ፈልፍሎ ማኅተም ያደርግልናል። ቅጠል ቀለም አስነክተን እናትማለን፤ ቅጠል ሲያልቅ መዳፋችንን። እሱ ራሱ ከመሰላል በቀር የሚስለው ነገር አልነበረውም፤ ማስተማር ግን ይወዳል።

«በክብ ጀምሩ» ይለናል። «ሰውም፣ ዶሮም፣ ድስትም ከክብ ነው የሚወጣው።»

«መሰላልስ አባዬ?» ይለዋል ታላቅ ወንድሜ።

«መሰላሉን ለእኔ ተውልኝ።»

ሚጢጢ የምንላት የሁላችን ታናሽ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከጭረት አልፋ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን የመስኮቱን ጥግ ይዛ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ አውጥታ፣ ማንንም ሳታስጠጋ ዋለች። አመሻሽ ላይ ሄደን ስናይ ትልቅ ክብ፣ ከላዩ ትንሽ ክብ፣ ሁለት ቀጫጭን እግሮች፣ ከወገቡም እስከ ወለሉ የተንዠረገገ ነገር አየን።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የሙዝ ዘለላ?» አለ ወንድሜ።

«ቁልፍ ነው» አለች። «እትዬ ናቸው።»

እናቴ በቀሚሷ ጫፍ አፏን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ አባቴ ሩሎውን ክሬም ቀለም ውስጥ ነክሮ መቀባት ጀመረ። የወንድሜ መኪና ሄደ፤ የእኔ ዛፍም ከነወፎቹ ሄደ፤ ልማዳችን ስለሆነ አልከፋንም። ጥጉ ጋ ሲደርስ ግን ሚጢጢ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«እሳቸውን አትቀባቸውም።»

«ልጄ፣ ከሰዓት ይመጣሉ እኮ። ይሄን ካዩ ከቤት ያስወጡናል።»

«ታዲያ እትዬን ራሳቸውን ልትቀባቸው ነው?»

ብታለቅስ ኖሮ ማባበል ያውቅበት ነበር። አላለቀሰችም። አባቴ ወደ እናቴ ዞረ።

«ለአንድ ሥዕል ብለህ ጎዳና ልታወጣን ነው?» አለችው።

«የመጀመሪያ ሰውዋ ነው» አላት ቀስ ብሎ።

ከዚያ ትንሿን ቡሩሽ አነሣና በሥዕሉ ዙሪያ እንደ ፍሬም አድርጎ ቀባ። የአምናው ውሃ ሰማያዊ ቀለም ከነእትዬ መሐል ላይ ቀረ። ቁም ሣጥኑን እየገፋን አምጥተን ከፊቱ ስናቆመው የመስኮቱን ግማሽ ጋረደው።

ከሰዓት በኋላ የቁልፉ ድምፅ መጣ፤ እትዬም ተከተሉት። ግድግዳውን ራቅ ብለው አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከቁም ሣጥኑ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ለምን መስኮት ይጋርዳል?»

«ፀሐይ ልብሱን እንዳያደበዝዝብን ብዬ ነው እትዬ» አለ አባቴ። ውሸት አይሆንለትም፤ ጆሮው ይቀላል። ክሬም የነካው ጆሮ ሲቀላ ደግሞ ከሩቅ ይታያል።

«እርጥበት ደብቀህብኝ እንዳይሆን?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ከኋላው ያሉት እርስዎ ነዎት» አለች ሚጢጢ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። አባቴ ቁም ሣጥኑን ገፋ። እትዬ ጎንበስ አሉ፤ የቁልፉም ድምፅ ጸጥ አለ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«ጆሮ የለኝም እንዴ?»

ሚጢጢ ጥቂት አሰበች። «ሲናገሩ እንጂ ሲሰሙ አይቼ አላውቅም።»

እናቴ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። እትዬ ሥዕሏን፣ ቀጥሎም ሚጢጢን፣ ቀጥሎም የገዛ ቁልፋቸውን አዩ። ከከንፈራቸው ጥግ አንድ ነገር ሲፈታ አየሁ።

«ቁልፎቹን እንኳ አሳምረሻቸዋል» አሉ። «በይ ከሰልሽን አምጪ። አሁን ስሰማሽ አይተሻል፤ ጆሮዬን ሥሪልኝ።»

ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙላት። ሚጢጢም በክብ ጀምራ የድስት ጆሮ የመሰሉ ሁለት ጆሮዎች ሠራችላቸው። እትዬ ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው አባቴን፣ «ቁም ሣጥኑን ወደ ቦታው መልሰው፤ ቤት ብርሃን ይፈልጋል። ምስማር ግን አሁንም አይመታም» አሉት። ውላችን ታደሰ። አባቴም በዚያው ምሽት ሥዕሉ እንዳይለቅ በቫርኒሽ ለበጠው።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ስንት ቀለም እንደቀያየረ አላስታውስም፤ ውሃ ሰማያዊዋ አራት ማዕዘን ግን አልተነካችም። አባቴ በየዓመቱ በትንሿ ቡሩሽ ይዞራታል። እኛም በሥዕል ቀናችን በዙሪያዋ ዶሮ እናረባለን፣ ዛፍ እንተክላለን፤ ወንድሜ አንድ ዓመት መኪና ሰጣቸው። እትዬ ወሬው ስለደረሳቸው ጉብኝታቸውን በአንድ ቀን አስቀድመው፣ ቅቡ ሳይደርስ መምጣት ጀመሩ። «ዘንድሮ ምን ሰጣችሁኝ?» ይላሉ ገና ከበሩ።

ከቤቱ የለቀቅን ቀን አባቴ ለሚገቡት ሰዎች ብሎ ጥጉን ሊሸፍን የቀለም ቆርቆሮውን ከፍቶ ነበር። እትዬ ከኋላው መጥተው ቆሙ።

«ተወው» አሉት። «ሰዎቹ ሲገቡ አከራያቸውን ይወቁ።»

አባቴም ቆርቆሮውን መልሶ ከደነው።