«ገመዱን እንጂ ምን ነካሁ?»

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ፣ እንጅባራ ውስጥ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሆነ ነው። ባሰብሁት ቁጥር ምራቄ ይመርረኛል፤ አስጠሊታው ሰው አለቃዬ ብቻ ስላልሆነ ደግሞ ይብሳል።

የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ እኔ ነኝ። የባለጉዳይ ማስተናገጃው ኮምፒዩተር በድንገት ድርቅ እያለ የተጻፈውን ያጠፋ ጀመር። የሚደርቀው የጽዳት ሠራተኛችን እትየ ብርቄ ጠረጴዛውን ለመወልወል የስካነሩን ገመድ ሲነቅሉ ነው። ያውም ሁልጊዜ አይደለም፣ አልፎ አልፎ። አለቃችን ኮሚቴ ሰብስቦ የባለሙያ አስተያየት ጠየቀኝ። ውስጡን ሳልመረምር «የአያያዝ ጉድለት ነው» ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምሁ።

«ልጄ፣ እኔ ገመዱን እንጂ ምን ነካሁ?» አሉኝ እትየ ብርቄ።

የኮንትራት ሠራተኛ ስለነበሩ ኮሚቴው በሳምንቱ እጅ አውጥቶ አሰናበታቸው።

ከዚያ አንድ ቀን ስካነሩን ራሴ ነቀልሁት። ማሽኑ ድርቅ! የስህተት መልእክቱን ይዤ ከርነሉን፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የቆመበትን ዋናውን ፕሮግራም፣ መስመር በመስመር ማንበብ ያዝሁ። ጥፋቱ እዚያ ቁጭ ብሏል። ገመዱ ሲነቀል አንዱ የከርነሉ ክፍል የስካነሩን መረጃ ያጠፋል፤ ሌላው በዚያው ቅጽበት ያንኑ መረጃ ሊያነብ ይሄዳል። ማጥፋቱ ከቀደመ አንባቢው ባዶ አድራሻ ላይ ይወድቃል። ሰው ሊቀመጥ ሲል በርጩማውን እንደ መሳብ ነው። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይገባ የሚያግድ ቁልፍ ጨመርሁበት፤ ጥቂት መስመር ናት። ከዚያ ደጋግሜ ብነቅል ብሰካ ማሽኑ ወይ ፍንክች!

ወደ አለቃዬ ሮጥሁ።

«ጥፋቱ የእትየ ብርቄ አይደለም፤ የፕሮግራሙ ነው። ይመልሷቸው» አልሁት።

«ማሽኑ ተሠራ አይደል? የተዘጋ ቃለ ጉባኤ አንከፍትም» አለኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። እትየ ብርቄን ለማባረር የወጡት እጆች አጨበጨቡልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ተቀበልሁ። ቱ!

በገበያ ቀን እትየ ብርቄን ድንች ሲሸጡ አገኘኋቸው። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መፈረሜንም ጭምር። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«እሰይ፣ ዳነ? እኔማ ማሽኑ እምቢ ካለ አንተንም ያባርሩሃል ብዬ ስሰጋ ነበር» አሉኝ። ከገዛሁት ድንች ላይም ምርቃት ጨመሩልኝ።

ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ደርቆ አያውቅም። የምስጋና ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ፊርማዬም ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ አለ። ሰው ጎበዝ ባለሙያ ይለኛል። እኔ ግን ያቺን የምርቃት ድንች ባሰብሁ ቁጥር ራሴን እጸየፈዋለሁ።