የሽማግሌው ቅንድብ

ቢቸና ውስጥ ውሻ ፀጉሩን የሚስተካከልበት ቤት የእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ውሻው የአገራችን ውሻ አልነበረም። ለመንገድ ሥራ መጥቶ ጎረቤቴ ሆኖ የከረመ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሥራው ሲያልቅ ትቶልኝ ሄደ። ቴሪየር የሚሉት ዝርያ ነው፤ ቁመቱ ከድመት ብዙም አይበልጥም። ቅንድቡ ዓይኑ ላይ የወደቀ፣ ጺሙ እስከ ደረቱ የወረደ ስለሆነ ግን ሰፈሩ በሙሉ «ሽማግሌው» ይለው ነበር።

የዚህ ዝርያ ፀጉር ዝም ካሉት ማደግ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ መሐንዲሱ ከመሄዱ በፊት በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ አሠራሩን አሳየኝ። መጀመሪያ የተቋጠረው በማበጠሪያ ይፈታል። ከዚያ አናቱ፣ ጉንጩና ጆሮው አጠር ተደርጎ ይቆረጣል፤ ቅንድቡና ጺሙ ግን አይነኩም፣ ቅርጽ ብቻ ይያዝላቸዋል። አገጩን በግራ እጅ መያዝ፣ የመቀሱን ጫፍ ከዓይኑ ማራቅ፣ በቃ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ነገሩ ሁሉ የቅርጽ ጉዳይ መስሎኝ ናቅሁት።

በዚያው ክረምት አባቴ ሞጣ ላይ አረፈ። አርባው ከወጣ በኋላ እናቴን ቢቸና አመጣኋት። ጉልበቷ ደክሟል፣ ሞጣ ያለው ቤት ባዶ ነው፣ እኔም ያለ እሷ ማንም የለኝም። ለሐዘኑ ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ነበር የመጣችው። ስለ አባቴ አንድ ቃል አትተነፍስም። የምትናገረው ስለ ውሻው ብቻ ነው፤ ጸሎት የሚደረስበት ቤት ውስጥ ውሻ አይገባም። በረንዳ ላይ አሳደርሁት። እሱ ደግሞ እሷ ዳዊቷን ስትገልጥ ጠብቆ በሩን በጥፍሩ ይቧጭራል። በመጨረሻ ወይ እሱ ይሂድ ወይ እኔ ሞጣ ልግባ አለችና ልብሷን አሰረች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሚኒባስ ልትሄድ ነው።

እሷን ብቻዋን ወደዚያ ቤት መስደድ አልሆነልኝም። ውሻውን የሚወስድ ሰው ፍለጋ ከተማውን ዞርሁ። አብዛኛው ሰው ሳቀብኝ። አንድ የሆቴል ባለቤት ብቻ፣ ውሻ ውሻ እንዲመስል ራሱን ካስተካከልህልኝ እወስደዋለሁ አለኝ።

እሑድ ጧት እናቴ ቤተ ክርስቲያን እያለች ጠረጴዛውን አወጣሁ። አናቱ ደህና ሄደ። ቅንድቡ ላይ ስደርስ ውሻው አዛጋና የቀኙ አጥሮ ቀረ። ከእሱ ጋር ላስተካክል ብዬ የግራውን ቆረጥሁ፤ ያ ደግሞ ይብስ አጠረ። የሚወላገድ በርጩማ እግር አስተካክላለሁ ብሎ ቆርጦ እንደሚጨርስ ሰው ሁለቱንም ጨረስኋቸው። ያለ ቅንድብ ጺሙ ብቻውን የለበሰው ጭንብል መሰለ፤ እሱንም አነሳሁት። ሽማግሌው ጠፍቶ ዓይኑ የፈጠጠ መላጣ ሕፃን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ተናድጄ መቀሱን ወረወርሁት።

እናቴ የገባችው ይሄን ጊዜ ነው። ቆማ አየችው።

«ምነው ተላጨ? ማን ሞቶበት ነው?» አለች።

ፊቷ ላይ ቀልድ የለም። እኔ ግን በብስጭት፣ «ጌታው አገሩ ገብቶበት ነዋ» አልኋት።

እናቴ የቅኔ መምህር ልጅ ናት፤ ቃል ስትሰማ ከሰሙ በፊት ወርቁ ነው የሚታያት። አገሩ ገባ ማለት ለእሷ ወደማይቀረው አገር ሄደ ማለት ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ለቀስተኛ በሚናገርበት ድምፅ ውሻውን፣ «እግዜር ያጥናህ» አለችው።

ደነገጥሁ። ሐዘኗ ላይ ያሾፍሁባት እንዳይመስላት፣ ሰውየው በሕይወት እንዳለ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ አገሩ እንደገባ ቶሎ ብዬ ነገርኋት።

«ይመለሳል?»

«አይመለስም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለእሱ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?»

ውሻው ከጠረጴዛው ወርዶ እግሯ ሥር ተኛ፤ አላባረረችውም። ወደ እሱ እያየች ለእኔ ተናገረች።

«ሞጣ ልግባ የምለው ቤትህ ጠቦኝ አይደለም። አባትህ ውጭ እያለ በር ቆልፌበት የመጣሁ እየመሰለኝ ነው።»

አባቴ ከሞተ ጀምሮ ስለ እሱ ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ እሷም አለቀሰች። ሚኒባሱ ያለ እሷ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የሆቴሉ ባለቤት መጥቶ ውሻውን ሲጠይቅ በር ላይ የወጣችው እናቴ ናት። ሐዘን ላይ ነውና ዛሬ ከቤት አይወጣም ብላ መለሰችው። ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፤ እኔም አዎ አልሁት።

ወደ ማምሻው ዝናቡ መጣ። እንደ ልማዴ ውሻውን በረንዳ ላይ ልተወው በሩን ስገፋ እናቴ ከውስጥ ጠራችኝ።

«አስገባው» አለች፤ እጇን ነጠላዋ ሥር አናቷ ላይ እንዳደረገች። «ባዶ ራስ ላይ ብርድ እንዴት እንደሚገባ እኔ አውቃለሁ።»