በዝናቡ መሃል የቀረው «እሺ»

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሰላም ላፕቶፕዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ ኮምፓይለሩ ቅጂውን ራሱ አስቀረው፤ ፕሮግራሜ እንዴት እንደፈጠነ እይልኝ» አለችኝ። ኮምፓይለር እኛ የጻፍነውን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ ነው፤ ጎበዝ ከሆነ አላስፈላጊ ቅጂ ሲያይ ይሰርዛል። ደስ እንዲላት ፈገግ አልኩ። ሐሳቤ ግን ወደ ዲላ ሄደ።

እኔና ጓደኛዬ በረከት ዲላ ስንማር ለመመረቂያችን ትንሽ ኮምፓይለር ሠርተን ነበር። ቅጂ የሚያስቀረውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋናውን ዳግም የሚፈልገው ከሌለ መገልበጥ ለምን? ዋናውና ቅጂው በየስማቸው ማሽኑ ውስጥ አንድ ቦታ ይጋራሉ። በዚያ ዕድሜዬ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በረከት የኮንጋ ገጠር ልጅ ነው። አባቱ ከመሞታቸው ጥቂት ቀን በፊት ያወሩትን በስልኩ ቀድቶ ነበር። ስልኩ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሲበላሽ፣ ድምፁ የቀረው እኛ በምንሠራበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሆነ። አንድ ከሰዓት፣ ትኩስ በቆሎ እየጋጥን አብረን ሰማነው። በተቀዳው ድምፅ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጋብ ሲል ሽማግሌው በጌዴኦፋ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ በረከት ስልኩ አጠገብ ሆኖ «እሺ» ይላል። እኔ የከተማ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ከሰላምታ በቀር ቋንቋውን አላውቅም።

ኮምፓይለራችንን ለመሞከር ድምፅ የሚያጠራ ትንሽ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። «ጫጫታውን በፕሮግራማችን እናጥራልህ» አልኩት።

«ቢበላሽስ?»

«አትፍራ፣ የምንነካው ቅጂውን ነው።»

ፕሮግራሙ ደከም ያለውን ድምፅ ሁሉ ያጠፋል። የታማሚ ድምፅ ከዝናብ እንደሚያንስ አላሰብኩም። ቅጂውን ስንከፍተው ዝናቡ አለ። ከዚያ ድፍን ጸጥታ። ከዚያ የበረከት «እሺ»። ደግሞ ጸጥታ፣ ደግሞ «እሺ»። ልጁ ማንም ለሌለበት ቦታ ይመልሳል። ዞር ብዬ ከኋላችን ያለውን ባዶ ወንበር ማየቴን አስታውሳለሁ።

«ዋናውን ክፈት» አለኝ በረከት።

ዋናውም ያው ነበር። ፕሮግራሙ ሲጨርስ ዋናውን መልሶ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ እኔ የጻፍኩት የኮምፓይለሩ ክፍል ግን ያንን ሳይቆጥር «ከእንግዲህ የሚፈልገው የለም» ብሎ ቅጂውን አስቀርቶታል። ቅጂ ብለን ያጠፋነው ዋናውን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ የሌላ የማንም አይደለም።

በረከት አልተቆጣኝም። «ግድ የለም፣ ያለኝን ሁሉ አስታውሳለሁ» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰላም ከሄደች በኋላ ለበረከት ደወልኩለት። አሁን ዲላ አጠገብ ጪጩ ያስተምራል። ያን ፋይል እስከ ዛሬ ያዳምጠዋል።

«መጨረሻ ላይ ያለችው እሺ» አለኝ፣ «አባቴ ምን ብሎኝ እንደሆነ ጠፋብኝ። ቃል የገባሁ ይመስለኛል። አንተ ሰምተህ ነበር እኮ።»

ሰምቻለሁ። ትርጉሙን ባላውቅም፣ በሠራሁት ጥፋት የተነሳ ይሆናል፣ ድምፁ ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም። አፍሬ እየተንተባተብኩ፣ ከመጨረሻዋ «እሺ» በፊት ያለውን ሽማግሌው እንዳሉት አድርጌ በስልኩ አልኩለት። ያልኩት ቃል ይሁን ባዶ ድምፅ አላውቅም።



«እሺ» አለ በረከት፣ በቀስታ። ለእኔ ይሁን ለአባቱ አልጠየቅኩትም።