የሰይድ ሉክ

የልጅ ልጄ ማኅሌት ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከባጃጁ ወርዳ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ቦርሳዋን በረንዳው ላይ ወረወረችው። ድርሰት ከመጻፋቸው በፊት በክፍል ውስጥ ይወያያሉ። እርሷ በውይይቱ የተናገረችውን አንዲት ጓደኛዋ ጽፋ፣ ከእርሷ የበለጠ ማርክ አግኝታለች።

«ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም፣ አባባ» አለችኝ። «የማውቀውን ለራሴ እጽፋለሁ።»

አፍን ዘግቶ መጻፍ ምን እንደሚመስል ቆቦ ውስጥ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዕድሜዬን ስጽፍና ሳስተምር ኖሬ፣ አንዲት ነገር ግን ለማንም ሳልናገር አርጅቻለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አማርኛ ያስተምሩን የነበሩት ቲቸር አስካለ ከደሴ የመጡ ወጣት ነበሩ። ከእሳቸው በፊት ድርሰት ማለት ርእሱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ እንጽፋለን። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚስተካከለኝ አልነበረም። አባቴ በቤተ ክህነት ትምህርት የገፉ ሰው ስለነበሩ ቤታችን በቃላት የተሞላ ነበር። ቲቸር አስካለ ግን የራሳቸውን ሥርዓት አመጡ። መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ እንነጋገራለን፤ በማግሥቱ በአንድ ሉክ ወረቀት እንጽፋለን፤ ከሉኩ ጀርባ ደግሞ በንግግሩ የረዳንን ሰው ስምና የሰጠንን ነገር እናሰፍራለን። የእኔ ሉክ ጀርባ ሁልጊዜ ባዶ ነበር።

ከጎኔ የሚቀመጠው ሰይድ ነበር፤ ቤተሰቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ማሽላ ያርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአምስት መስመር በላይ መጻፍ አይሆንለትም ነበር። በውይይቱ ላይ ግን ይናገራል፣ ይጠይቁታል፣ ይከራከራል፣ ተሳስቶ ይሳቅበታል፣ አብሮ ይስቃል። በማግሥቱ አምስቱ መስመር አንድ ገጽ ይሆናል። ማሳ የሚያጠጣው ጎርፍ ወደ ጎረቤቱ ሲገባ ቆሞ እንደሚያይ ገበሬ፣ የሰይድ ድርሰት ሲለመልም እያየሁ ውስጤ ይቃጠል ነበር።

«ደብተራው፣ ምነው ዝም አልክ?» ይለኛል በአባቴ እያሾፈ። «አፍህን ቆልፈህ ቁልፉን እቤት ረሳኸው?»

በጥቅምት ወር የተሰጠን ርእስ «ጎርፉ የመጣ ዕለት» የሚል ነበር። ከሁሉ የተሻለው ድርሰት በወላጆች ቀን ይነበባል፤ አባቴም ይመጣሉ። በእኛ ቆላ ዝናቡ በላያችን ሳይዘንብ ጎርፉ ከምዕራቡ ተራራ ይወርዳል፤ ገበሬው በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። የዓመት እንጀራ የሚገኘውም፣ በሬ የሚወሰደውም በእርሱ ነው። ስለዚህ በውይይቱ ዕለት ያልተናገረ ተማሪ አልነበረም። ከእኔ በቀር።

ወደ ቤት ስንመለስ ማሽላው መቅላት ጀምሮ ነበር፤ ከየማማው ላይ ወፍ የሚጠብቁት ይጮኻሉ። ሰይድ አንድ ጥንቅሽ ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ።

«አንተስ? ቆቦ ተወልደህ ጎርፍ አታውቅም?»

«ተወኝ፣ አቦ!»

«ወላሂ አልተውህም። አንዲት ነገር ብቻ!»

ከእርሱ ለመገላገል አፌ ላይ የመጣውን ጣል አደረግሁለትና ወደ ቤቴ ታጠፍሁ። የጥንቅሹን ጣፋጭ ውኃ እየመጠጥሁ ደጃፋችን ስደርስ፣ ያልሁትን ረስቼዋለሁ።

በማግሥቱ የክፍሉ አለቃ ስለነበርሁ ሉኮቹን ሰብስቤ ወደ መምህራን ቢሮ ይዤ ሄድሁ። ግራሩ ሥር ስደርስ ቆም አልሁና የሰይድን አወጣሁ። እንዲህ ይጀምራል፦ «ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ይሸታል። ሰማዩ ጠርቶ፣ አቧራው ደርቆ ሳለ፣ ከወደ ተራራው የረጠበ አፈር ሲሸተው አባቴ አካፋውን ያነሳል።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የእኔ ድርሰት ውኃ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ስለመሆኑ በሚያትት ረጅም ዐረፍተ ነገር ነበር የሚጀምረው። እስከ መጨረሻው ማንበብ አልቻልሁም። አጣጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትሁት።

«የሰይድስ የታለ?» አሉ ቲቸር አስካለ ክፍል ገብተው።

«አልደረሰኝም» አልሁ።

ሰይድ ዞሮ አየኝ። ሉኩን በእጄ እንደሰጠኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ፊቱን ወደ ሰሌዳው መለሰና «ግመል በልታው ይሆናል፣ ቲቸር» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በወላጆች ቀን ያነበብሁት እኔ ነኝ። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ስጨርስ መጀመሪያ ያጨበጨበው ሰይድ ነበር። እርሱን ከማየት አፈር ብገባ እመርጥ ነበር።

ቤት ስደርስ ሉኩን ላቃጥለው ጓሮ ወጣሁ። ክብሪቱን ለኩሼ ወረቀቱን ስገለብጠው ጀርባው በስም ተሞልቷል፤ አምስት ሰው። የመጨረሻው የእኔ ስም ነበር፣ ከነአባቴ። «የጎርፉን ሽታ የሰጠኝ እርሱ ነው፤ ጥንቅሽ ስንበላ ነገረኝ» ይላል።

ክብሪቱ ጣቴን ሲፈጀኝ ጣልሁት። እንዲያ ያስቀናችኝ ዐረፍተ ነገር ከእኔ አፍ የወጣች ነበረች። በእኔ ሉክ ላይ ግን አልነበረችም፤ ለሰው ባልናገራት ኖሮ እንዳለችኝም አላውቅም ነበር። ቅናቱ በዚህ ለቀቀኝ ብል ዋሸሁ። መልኩን ለወጠ እንጂ አልሄደም። እስከ ዛሬ የምቀናው፣ ስሜን ሳይሰስት በጻፈበት እጁ ነው።

ሰይድ ዛሬም የአባቱን ማሳ ያርሳል። ገበያ ስንገናኝ «ደብተራው፣ አለህ?» ይለኛል። ስለ ሉኩ ጠይቆኝ አያውቅም።

ትናንት ሉኩን ከመጻሕፍቴ መካከል አውጥቼ፣ እንዴት እጄ እንደገባ ነግሬ ለማኅሌት ሰጠኋት። አነበበችው፤ ገለበጠችው፤ ስሜን ስታይ ቀና አለች።

«መለሱላቸው፣ አባባ?»

«ገና ነው።»

ሉኩን መልሳ አጣጠፈችና «የእኔዋ ጓደኛ ግን ስሜን አልጻፈችም» አለች።

«እንግዲያው ንገሪያት። ዝም ካልሽ እንደ እኔ ታረጃለሽ።»

በመጪው የገበያ ቀን ሉኩን እኔው ራሴ እወስድለታለሁ፤ ይህን ጽሑፍም አብሬ። ሲስቅብኝ ይታየኛል፤ ይሳቅ። ከጽሑፉ ጀርባ፣ በቲቸር አስካለ ሥርዓት፣ የሰይድን ስም ከነአባቱ አስፍሬያለሁ። እስከ ዛሬ ከጻፍሁት ሁሉ ጀርባው ባዶ ያልሆነው ይህ ብቻ ነው።