የልጄ ስም ኮንስዌሎ

ከቀያችን ከመንዝ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነበር፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደምሴ። እናታችን በሶውን በሁለት ከረጢት ቋጥራ፣ "ተያይዛችሁ ሂዱ፣ ተያይዛችሁ ግቡ" ብላ መረቀችን። መኪናው እስኪነሳ ድረስ ከደምሴ ጃኬት ላይ እጇን አላነሳችም።

ወገኖቼ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ተያይዘን አልገባንም። ሱዳንን አለፍን፣ ሊቢያን አለፍን፣ ደምሴን ባሕሩ ወሰደው። እኔ ጣልያን ወጣሁ፣ ኋላም እስፔን ገባሁ። መርዶ ደግሞ በእኛ አገር በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው ግራና ቀኝ ይዟት ነው እናት የምትረዳው። አጎቴን ብለምነው "ከአዝመራው በኋላ እናረዳታለን" ይለኛል፤ አራት አዝመራ ገባ። እኔም "ደምሴ ሥራ ላይ ነው" እያልኩ አራት ዓመት ዋሸሁ። የመንዝን የሚያህል ብርድ እዚህ የለም፤ የሚበርደኝ ግን እዚህ ነው።

ቤት አከራዬ ዶኛ ኮንስዌሎ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ሽሮ በሠራሁ ቁጥር በሬን ይደበድባሉ።

"ምንድን ነው የሚቃጠለው?"

"ምሳዬ ነው።"

"እሳት አደጋ ልጠራ ነበር እኮ!"

ባለቤቴ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ እያለ ስወልድ ግን፣ አራስ ጠያቂ ብዬ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ጨው የሌለው የሽምብራ ሾርባ ይዘው መጡ። ገንፎ አማረኝ፤ ሾርባውን እያለቀስኩ ጠጣሁት። ስማቸው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"መጽናኛ ማለት ነው" አሉኝ። "እኛ ዘንድ ሴት ልጅ በእመቤታችን መጠሪያ ትሰየማለች፤ ያዘኑትን ታጽናናለችና ይህ ከመጠሪያዎቿ አንዱ ነው። እናቴ ወንድሜን በቀበረች በዓመቱ ወልዳኝ ነው ያወጣችልኝ።"

ሌላ ስም አላሰብኩም። መዝጋቢው ሳቀ።

"ኮንስዌሎ? ይህ እኮ የአሮጊት ስም ነው!"

"ታረጅበታለቻ" አልኩት።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ብቻዋን ቤት ጠባቂ ነበረች፤ ሰዉ ሁሉ ሰንበቴ ሄዷል። እልልታዋ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ!

"ማን አላችኋት?"

"ኮንስዌሎ።"

"ኧረ ይኼንስ ምላሴም አይችለው! ምን ማለት ነው?"

እልልታዋን ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበርና ደስታው አታለለኝ።

"መጽናኛ" አልኳት።

በጎቹ ደጅ ሲጮኹ ይሰማኛል።

"ምትኬ" አለችኝ። "አንቺን ምትኬ ያልኩሽ ታላቅሽን ቀብሬ ነው። አንቺ ማንን ቀብረሽ ነው?"

ልጄን ከደረቴ አንስቼ አልጋው ላይ አስተኛኋት።

"ደምሴን አገናኚኝ።"

"እማዬ" አልኳት፣ "እባክሽ፣ መጀመሪያ ጎረቤት ጥሪ።"

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ግራና ቀኝ የሚይዛት አልነበረም፤ እኔ እዚህ ሆኜ ጩኸቷን እሰማለሁ።