ንጹሑ ሞራጅ

ታላቁን አጎቴን በብረት ወርክሾፑ «ንጹሑ» ይሉት ነበር። ማታ ከሥራ ሲወጣ በኮምፕሬሰር የአየር ቱቦ ከአንገቱ እስከ ጫማው አቧራውን ሳያራግፍ ወደ ቤት አይሄድም፤ ሴት ልጁን አቅፎ ይስማታላ። ታናሽ ወንድሙ ከጎኑ ቆሞ ያንኑ መዳብ እየሞረደ ይውልና እንደ ወፍጮ ቤት ሰው አቧራውን ለብሶ ይገባል።

ሳል የያዘው ግን ንጹሑን ነው። መጀመሪያ ደረጃ ሲወጣ፣ ቀጥሎ የጫማውን ክር ሲያስር፣ በኋላም ዝም ብሎ እንደተቀመጠ። ታናሽየው፣ ወንድሜ ጡረታ እየተለማመደ ነው እያለ ያስቅበታል። እሱም አብሮ ሊስቅ ይጀምርና ሳሉ ያቋርጠዋል።

ከስንት መመላለስ በኋላ አንዲት የሳንባ ሐኪም አስረዳችው። መዳቡ ቤሪሊየም የሚባል ብረት ተቀላቅሎበታል። ብናኙ ሁሉንም እኩል አይጎዳም። አንዳንዱ ሰው ከወላጁ በወረሰው ዘረመል የተነሣ የሰውነቱ መከላከያ ብናኙን ጠላት ብሎ ይነሣበታል፤ ውጊያው አያልቅም፣ የሚቆስለውም ሳንባው ነው። «ዘበኛው በገዛ ቤቱ ላይ ሲተኩስ ማለት ነው» አለችው። በቱቦ የተነፋው ብናኝም ተንሳፎ ተመልሶ ወደ አፍንጫው ይገባ እንደነበር ነገረችው።

እሱን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነበር። አጎቴ ታሞ የለቀቀውን የሥራ ቦታ ታናሽየው ለአጎቴ ልጅ አስጨርሶላታል። «ዘር ከልጓም ይስባል፤ እጇ ያንተው እጅ ነው» ብሎ የአባቷን ቱታ ከወርክሾፑ መስቀያ አውርዶ አምጥቶላታል። አጎቴ ከመጀመሯ በፊት ደሟ ይመርመር አለ። ታናሽየው ተቆጣ። የአንድ እናት ልጆች ሆነው እሱ ያን ሁሉ ዘመን ብናኙን ሲጠጣ ኖሮ ምን ሆነ?

ልጅቱ ሥራ ፍለጋው ቢያንገሸግሻትም ለአባቷ ስትል ተመረመረች። ዘረመሉን ወርሳለች። ሐኪሟ፣ መታመሟ የግድ ባይሆንም እዚያ ከሠራች ያሰጋታል አለች።

ዜናውን ይዘው ሲመለሱ ታናሽየው ቤት ሲጠብቅ አገኙት። ልጅቱ ቱታውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ጭምብል ባደርግስ?»

አጎቴ ትንፋሹ እስኪመለስለት ቆየ።

«እኔም እየተጠነቀቅኩ ነው የያዘኝ፣ ልጄ።»

ታናሽየው ተነሥቶ ቱታውን ከጭኗ ላይ ወሰደ፤ ብናኙ እንዳይነሣ ሳያራግፍ ቀስ ብሎ አጠፈው፣ ፌስታል ውስጥ ከቶ አሰረውና ይዞት ወጣ።